አራተኛው መስመር

የካ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዶክተር ናኦል፣
ጅማ

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ስድስት ጊዜ ደውለህ አላነሳሁም፤ ስልኩ እጄ ላይ ሆኖ ነው ያላነሳሁት። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር መሥራቴ አሳፍሮኛል። ግን ድምፅህን ብሰማ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። በወረቀት ሲሆን ቢያንስ ፊቴን አታየውም። ደብዳቤውን እህትህ ሀዊ ከየካ አባዶ መጥታ ልትወስድልኝ ቃል ገብታለች፤ ወደ ጅማ የሚሄድ ሰው አላጣም ብላኛለች።

የሰማኸው እውነት ነው። ከጥቅምት 20 ጀምሮ ከሥራ ታግጃለሁ። አልታመምኩም፤ ጡረታም አልጠየቅሁም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የአንድ ሰው ካርድ ጠፋብሽ ተብዬ የማላውቅ ሰው፣ አሁን ጠዋት ተነሥቼ የምሄድበት የለኝም።

በሀዊ በኩል በማን ምክንያት ነው ላልከው፣ ዳርቱን ታስታውሳታለህ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርደው፣ ባሏ ጎበና እንጦጦ ፓርክ ጥበቃ የሆነው። ግፊቷን ያገኘኸው አንተ ነህ፤ ኢናላፕሪል የሚባለውን የግፊት መድኃኒትም አንተ ጀመርክላት። ከዚያ በየወሩ እኔ ዘንድ እየመጣች ማዘዣውን እደግምላት ነበር። ለካስ አርግዛ ኖሯል። አርባ አንድ ዓመቷ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አጥታ የኖረች ሴት ናትና ዓይን ፈርታ ከቤቷ ውጭ ለማንም አልተናገረችም፤ በጋቢዋ ሸፍናው ኖረች። መስከረም 14 ቀን፣ በሰባት ወሯ፣ ልጁ ሆዷ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። የተወሰደችበት ሆስፒታል ያሉት ሐኪሞች መድኃኒቷን አይተው ይህ ለነፍሰ ጡር የማይሰጥ ነው ብለው ጻፉ። ማዘዣው ላይ ያለው ስም የእኔ ነው።

ከዚያ አጣሪ ኮሚቴ መጣ። ነርስ ሆነው ሳለ በማን ፈቃድ ነው የሚጽፉት አሉኝ። ዶክተሩ ወክሎኝ ነው አልኩ። እንግዲያው ደውለን እንጠይቀዋለን አሉ። ምን እንዳልካቸው አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ብቻ በመጀመሪያው ቀን እርስዎ ያሉኝ ሰዎች በማግስቱ አንቺ አሉኝ።

ጅማ ብርዱ እንደ እኛ እንዳይደለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደረትህን ሸፈን አድርግ።

ሲስተር ለተጊዮርጊስ


ጅማ፣ ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ሲስተር ለተ፣

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ያምኑኛል፤ ለስፔሻሊስትነት የሚማር ሬዚደንት መሆን ምን እንደሆነ ያውቃሉና። ግን ሥራው አይደለም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

በሀዊ በኩል ምግቡ ተስማማህ ወይ ላሉኝ፣ ተስማምቶኛል። ለሀዊ እንደነገሯትም አልከሳሁም።

አዎ፣ ደውለውልኝ ነበር። ታካሚዎች የተኙበት ዋርድ ውስጥ ነበርኩ፤ ፕሮፌሰሩም ተማሪዎቹም ዙሪያዬን ቆመዋል። የደወለው ሰው ቸኩሎ ጠየቀኝ፣ እኔም ቸኩዬ መለስኩለት። በደንብ አላስታውስም የሚል ነገር ነው ያልኩት። ከዚያ በላይ እንዳልመሰለዎት ተስፋ አደርጋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አምና ጥር ላይ የጻፍኩልዎት ወረቀት እስካሁን አለ? ያን ጊዜ በጤና ጣቢያው ብቸኛው ሐኪም እኔ ነበርኩ፤ የግፊትና የስኳር ታካሚው ኮሪደሩን ሞልቶ ይውል ነበር። አራት መስመር ጽፌ፣ ፈርሜና ማኅተሜን መትቼ፣ የተረጋጉትን ታካሚዎች መድኃኒት እርስዎ ይድገሙላቸው ብዬ ሰጠሁዎት። ለኃላፊው አላሳወቅሁም፤ መዝገብ ቤትም አልገባም። የእኔን ቅጂ ከዚያ ስለቅ ጥዬዋለሁ።

አራተኛው መስመር ምን እንደሚል ያስታውሱ ይሆናል። ኮሚቴው ወረቀቱን ቢያገኘው እኔን ያለ ሥርዓት ወከለ ይለኛል፤ እርስዎን ደግሞ ተነግሯት አልፈጸመችም ይልዎታል። ባይታይ ለሁለታችንም የሚሻል ይመስለኛል። ይህን የምለው ለእርስዎ አስቤ ነው።

ዳርቱ እንዴት ሆነች?

አክባሪዎ፣ ናኦል


የካ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ናኦል ልጄ፣

ዶክተር ማለቱን ለዛሬ ትቼዋለሁ፤ አትቀየመኝ።

ወረቀቱ አለ። ልብስ ሣጥኔ ውስጥ፣ ከሹራቦቼ ሥር ነው። አራተኛውን መስመር በቃሌ ነው የማውቀው፦ «ለመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች መድኃኒቱ ከመደገሙ በፊት ስለ እርግዝና ይጠየቅ፤ ጥርጣሬ ካለ ይመርመር።» ጽሕፈትህ እንደ ሌላው ሐኪም አይደለም፤ ይነበባል። አላነበብኩትም ማለት አልችልም።

ለእኔ አስበህ እንደሆነ የጻፍከውን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ። ሲበርድልኝ ግን ራሴን ታዘብኩ። ኮሚቴው ውክልናው በጽሑፍ ነው ወይስ በቃል ብሎ ሲጠይቀኝ በቃል ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ያኔ አንተ ገና አልተደወለልህም። ማንም ሳያስገድደኝ ዋሸሁ። በቃል ከሆነ አራተኛው መስመር የለም፤ አራተኛው መስመር ከሌለ ደግሞ እኔ ማንም ያልነገረኝ ነርስ ነኝ። ስለዚህ አንተ አላስታውስም አልክ አላልክ ልፈርድብህ አፍ የለኝም።

ዳርቱ እንዴት ናት ላልከው አላውቅም። አልሄድኩም። ፈረንሳይ ገበያ ላይ ጎረቤቷ ጂቱ አግኝታኝ ነው የሰማሁት። ሆስፒታሉ ለእኛ ጻፈ እንጂ ስለ መድኃኒቱ ለቤተሰቡ የነገራቸው የለም። ጎበናና እናቱ ልጁን የገደለው እንጨቱ ነው ይላሉ አሉ፤ ተይ እየተባለች ስትሸከም። እሷም አምናዋለች። እንጨቱን ትታለች፤ በየማለዳው እንጦጦ ማርያም ሄዳ ትሰግዳለች፤ ልጄን በጀርባዬ ገደልኩት እያለች።

ጂቱ ይህን ስትነግረኝ አብሬያት ከንፈሬን መጠጥኩ። እንደ ማንኛውም ሰው ከንፈሬን መጠጥኩ፣ ናኦል። ከዚያ ጎመኔን ገዝቼ ቤቴ ገባሁ።

ለተጊዮርጊስ


ጅማ፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሲስተር ለተ፣

እንኳን ለከተራና ለጥምቀት በሰላም አደረሰዎት፤ ዘግይቶም ቢሆን። መልስ አጣሁ ብለው በሀዊ በኩል የላኩብኝን ሰምቻለሁ። መልስ አጥቼ ሳይሆን የማቀርብበት ፊት አጥቼ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ረቂቅ መመሪያ ወደ ክፍላችን ተልኮ አስተያየት እንድንሰጥ ተጠራን። የትኛው ባለሙያ መድኃኒት ማዘዝ እንደሚችል፣ ሐኪም ሥልጣኑን ለሌላ መወከል ይችል እንደሆነ የሚወስን ነው። ረቂቁ ነርስ በማናቸውም ውክልና መድኃኒት አትደግምም ይላል። ለማብራሪያ የተጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ «በአንድ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ያለማንም ፈቃድ ባዘዘችው መድኃኒት ጽንስ ጠፍቷል» ይላል። ስምዎ የለም። ግን እርስዎ ነዎት።

ፕሮፌሰሩ፣ ናኦል የካ የሠራ ነው፣ ልምዱን ያካፍለን አሉ። ተነሣሁ። እውነቱን ልናገር ነበር የተነሣሁት። ስቆም ግን ሁሉም አዩኝ፤ ስለ ታካሚ ደኅንነትና ስለ ሙያ ወሰን ተናገርኩ። እግዱን ደገፍኩ። አጨበጨቡልኝ።

አላስታውስም አልኩ ያልኩዎት ውሸት ነው። ለኮሚቴው ያልኩት «ለማንም ውክልና አልሰጠሁም» ነው። በማግስቱ በጽሑፍ አምጣ አሉኝ፤ ጽፌ ፈርሜ ላክሁ።

ለምን ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። የአባቴ እርሻ ኮንዶሚኒየም ሲሆን አባቴ ከበሬ ወደ ዘበኝነት የገባ ሰው ነው። መሬቱ ሄደ፣ በሬዎቹ ሄዱ፤ «ልጄ ሐኪም ነው» የሚለው ብቻ ቀረው። ስልኩ ሲደወል የታየኝ እሱ ነበር። እርስዎ አልታዩኝም። ዳርቱማ በሐሳቤም አልመጣችም።

የሚሉኝን ይበሉኝ።

ናኦል


የካ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ናኦል ልጄ፣

የምልህ የለኝም፤ አስቀድሜ አውቄው ነበርና። በጽሑፍ የላክኸውን ኮሚቴው ኅዳር ላይ አንብቦልኛል። የመጀመሪያው ደብዳቤህ ሲመጣ አላስታውስም አልኩ የሚለውን እያነበብኩ ዝም አልኩህ። ዝም ያልኩት ስለራራሁልህ እንዳይመስልህ። ያንተ ውሸት የእኔን ሸፍኖልኝ ነበር።

ዳርቱን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንዳየኋት በሀዊ በኩል ጠይቀሃል። እስካሁን ሳልመልስልህ የቀረሁት ረስቼው አይደለም። ነሐሴ 20 ነው። አንተ ገና አልለቀቅህም፤ ከጎኔ ባለው ክፍል ነበርክ፣ አንድ ግድግዳ ብቻ ነው የሚለየን። ማዘዣዋን ጽፌ ሰጠኋት፣ ተነሥታ ሄደች፣ ከዚያ ተመልሳ፣ «ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር» አለችኝ። ወረፋው ረጅም ነበር። ቀና ብዬ እንኳ ሳላያት፣ ለሚቀጥለው ወር ይሁንልሽ አልኳት። እሺ ብላ ወጣች።

ይህን ለኮሚቴ አልተናገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። አንተ ነህ የመጀመሪያው።

ረቂቁ ገና ሳይጸድቅ ነርስ መድኃኒት እንዳትደግም እዚህ ከታገደ ሦስት ወር አልፎታል። ከላይ ከጋራው የሚወርዱት ሁሉ አንድ ሐኪም ዘንድ ይሰለፋሉ፤ ግማሹ ሳይደርሰው ይመለሳል። አስተማሪ የነበሩት አቶ ዘረሰናይ ሦስት ጊዜ ወርደው ሳያገኙ ተመለሱ፤ በአራተኛው አልመጡም። አሁን ግራ እጃቸው አይታዘዝላቸውም። እኔና አንተ ወረቀቱን ስለደበቅን እግዱ ሕግ ሆኖ ሊወጣ ነው። ወረቀቱ ተደብቆ ሳለ እንዲህ ከሠራ፣ ቢወጣ ምን ይሠራ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

የካቲት 24 ሰኞ ነው። ያን ቀን ወረቀቱን ይዤ ኮሚቴው ዘንድ እገባለሁ። ቀኑን የምነግርህ ልለምንህ አይደለም፤ ላስፈራራህም አይደለም። ከእኔ አፍ ከሚሰሙት ካንተ ቢሰሙት ይሻልሃል ብዬ ነው። ከዚያ በፊት ግን ወደ ላይ እወጣለሁ። እሷ ከኮሚቴ በኋላ መስማት የለባትም።

ለተጊዮርጊስ


ጅማ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሲስተር ለተ፣

ትናንት ጽፌ ልኬአለሁ፤ ለኮሚቴውም፣ ረቂቁን ላዘጋጁትም፣ ለክፍሌ ኃላፊም። አራቱንም መስመር እንዳስታወስኳቸው አስፍሬአለሁ። ስህተት ካለው የእርስዎ ወረቀት ያርመዋል።

ለአባቴ ደውዬ ነገርኩት። «ሴትየዋ በሕይወት አለች?» አለኝ። አለች አልኩት። ስልኩን ለእናቴ ሰጣት።

ናኦል


የካ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ናኦል ልጄ፣

ምን አለች ብለህ በአንድ ቀን ሦስት መልእክት በሀዊ በኩል ልከሃል። እጽፍልሃለሁ፤ ግን እንዳትቸኩል።

ቅዳሜ ጠዋት ነው የወጣሁት። ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ ያለውን አቀበት ስይዘው ባሕር ዛፍ የተሸከሙ ሴቶች ሲወርዱ አገኘሁ፤ ለእነሱ መንገድ እየለቀቅሁ፣ እያረፍኩ ወጣሁ። ዳርቱ ደጇ ላይ ተቀምጣ የጎበናን የሥራ ሸሚዝ ትጠቅም ነበር። ስታየኝ ተነሣች፤ ሲስተር፣ እዚህ ድረስ ወጡ ብላ በርጩማ አመጣችልኝ፤ ውሃም አመጣችልኝ። ውሃውን መጠጣት አቃተኝ።

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር። አንዱም አልመጣልኝም። «ዳርቱ፣ ልጅሽን እንጨቱ አልገደለውም» አልኳት። «እኔ የጻፍኩልሽ መድኃኒት ነው። አርግዘሽ እንደሆነ ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር፤ አልጠየቅሁሽም።»

ሸሚዙን አጣጠፈች፣ እንደገና ፈታችው፣ እንደገና አጣጠፈችው። ከዚያ ወደ ቤት ዞራ አማቷን በኦሮምኛ ጠራቻቸው። ለእሳቸው ደግሜ እንድነግራቸው አደረገችኝ። አሮጊቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ። ልነሣ ስል፣ ጎበና ሳይመጣ አይሄዱም አለችኝ። ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። እርስዎ ማለቷን ግን አልተወችም፤ እሱ ነው የጎዳኝ።

ጎበና ከፓርኩ ሲመጣ ገና ኮፍያውን ሳያወልቅ፣ «ለእኔ ያሉኝን ለእሱ ይንገሩት» አለች። ለሦስተኛ ጊዜ ተናገርኩ። ሰውዬው እኔን አላየኝም። ሚስቱን ነው ያየው፤ ቆይቶ እሷንም ማየት አቃተው፤ ወደ ጓሮ ሄደ። እንጨት የምትሸከምበት ገመድ እዚያ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ አውርዶ ይዞት ቆመ፣ የሚያደርግበትን አጥቶ።

ስወጣ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። «ያን ዕለት ልጠይቅዎት የነበረውን ያውቁታል?» አለች። አውቃለሁ፣ ማርገዝሽን ልትነግሪኝ ነበር አልኩ።

«አይደለም» አለች። «አርግዣለሁና መድኃኒቱን ልተወው ወይ ልልዎት ነበር።»

ይቅርታ አድርጊልኝ አላልኳትም። ብላት እሺ ትለኝ ነበር፤ እሺ ማለት ለምዳለች። ደግሞ ያን ልጫንባት አልፈለግሁም።

ዶክተሩስ ብላ ጠየቀችኝ። ስምህን ነገርኳት። እሱም መጥቶ ለጎበና ይንገረው አለች። ይመጣል አልኳት። አስፈቅጄህ አይደለም።

ሰኞ ወረቀቱን አስረክቤአለሁ። እኔ ደብረ ብርሃን እህቴ ዘንድ ልሄድ ነው፤ ውሳኔው እስኪመጣ እዚህ ሆኜ የጤና ጣቢያውን በር እያየሁ ማለፍ አልቻልኩም። አድራሻውን ሀዊ ታውቀዋለች።

ለተጊዮርጊስ


የካ አባዶ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሲስተር ለተ፣
ደብረ ብርሃን

ውሳኔውን አንብበውታል፤ እንዴት ተቀበልከው ላሉኝ፣ የእርስዎ ፈቃድ ለአንድ ዓመት ታግዶ የእኔ ለስድስት ወር ብቻ መሆኑ አሳፍሮኛል። ይግባኝ ይበሉ ብዬ ልጽፍልዎ ነበር፤ እንደማይሉ አውቃለሁ። ትምህርቴ ለአንድ ዓመት ተላልፏል። አሁን ሀዊ ዘንድ ነኝ። አባቴ አብሮኝ ይበላል፤ ስለ ጉዳዩ አያነሣም። ሰው ሲጠይቀው፣ ልጄ እረፍት ላይ ነው ይላል። ውሸት እንዲናገር ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ረቂቁ ተመልሶ ተጽፏል። ነርሶች እንዲደግሙ ይፈቅዳል፤ ውክልናው ግን በጽሑፍ እንዲሆን፣ ኃላፊው እንዲፈርምበትና መዝገብ ቤት እንዲገባ ያዛል። ገና አልጸደቀም። እስከዚያው በእኛ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ማዘዝ የሚፈቀድላቸው ጤና መኮንኖች የሐኪሙን ወረፋ እንዲያግዙ ተደርጓል።

ትናንት ወደ ላይ ወጣሁ። እስካሁን የቆየሁት ዝናቡን አመካኝቼ ነው፤ ሰኔን ሙሉ አመካኘሁ። ጎበና በሩ ላይ ተቀበለኝ። እኔ ነኝ ሐኪሙ አልኩት፤ መድኃኒቱን የጀመርኩላት እኔ፣ ሲስተርን የወከልኩ እኔ፣ አልወከልኩም ብዬ የዋሸሁም እኔ። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ፣ «አባትህን አውቃቸዋለሁ» አለ። ሌላ አልጨመረም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዳርቱ ራሷን በሻሽ ጠፍራ አስራ ተቀምጣ ነበር። ከመስከረም ወዲህ አንድ ኪኒን አልዋጠችም፤ ፈርታ። መለኪያዬን ይዤ ነበር፤ ግፊቷን ለካሁላት። መቶ ዘጠና በመቶ አሥራ አምስት ነው። እጄ ሳላዘው እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሴ ገባ። አየችኝ። ልጽፍልሽ አልችልም፣ ፈቃዴ ታግዷል አልኳት።

«ሲስተርስ?»

«እሳቸውም አይችሉም።»

«ታዲያ ማን ይጻፍልኝ?» አለች። የምር ነበር የምትጠይቀኝ።

አብሬያት ወረድኩ። ጭቃው ያዳልጣል፤ እጄን ዘረጋሁላት፣ አልያዘችውም። እዚያ አቀበት ላይ እሷ ከእኔ ትሻላለች። ጤና ጣቢያው ስንደርስ እንደ ሰው ሁሉ ካርድ አውጥተን ተሰለፍን። አንዳንዱ አውቆኝ ዶክተር ብሎ ሊያስቀድመኝ ፈለገ፤ እንቢ አልኩ። አግዳሚው ላይ ከሦስት ሰዓት በላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጅማ ሩቅ ነው ወይ አለችኝ። ሩቅ ነው አልኳት።

ተራዋ ሲደርስ አብሬያት ገባሁ። ነፃነት የምትባል ወጣት ጤና መኮንን ናት፤ እርስዎ ከታገዱ በኋላ የመጣች። ማን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ዘመዷ ነኝ ማለት ይቀለኝ ነበር።

«መድኃኒቱን መጀመሪያ ያዘዝኩላት ሐኪም ነኝ» አልኩ።

ለአፍታ አየችኝ። ታሪኩን ታውቃለች። በትሕትና፣ እንግዲያው ውጭ ይጠብቁ አለችኝና ተነሥታ በሩን ከኋላዬ ዘጋችው።

ግድግዳው ስስ ነው፣ ሲስተር፤ እርስዎም ያውቁታል። ነፃነት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለምትናገር የጠየቀቻትን አልሰማሁም። የዳርቱን መልስ ግን ሰማሁት።

«አላረገዝኩም» አለች።

ናኦል